ስለ ባለከፍተኛ ዋት የኮምፒዩተር ፓወር ሳፕላይ፤ በደጋ አገር ለሚነግድ ሰው የሚሆን ትምህርት

ፓወር ሳፕላይ የሚባለው ዕቃ በኮምፒዩተሩ ኬዝ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ፣ ገዢው ብዙ ጊዜ የማያየው፣ ሻጩም ከሌላው ዕቃ ጋር በጅምላ ቆጥሮ የሚያልፈው የብረት ሣጥን ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ኮምፒዩተር በንፋስ መውጫ ወይም በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ ተተክሎ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢበላሽ፣ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ይኸው ሣጥን ነው። እርሱ ሲበላሽ ብቻውን አይበላሽም፤ ሌላውን የኮምፒዩተር ክፍል ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የተበላሸውም ዕቃ ተመላሽ ሆኖ በደብረ ታቦር፣ በወረታና በባሕር ዳር አልፎ አዲስ አበባ መርካቶ እስኪደርስ ድረስ የሚጠፋው የመጓጓዣ ገንዘብ፣ ባለሱቁ ከዚያ ዕቃ አገኛለሁ ብሎ ያሰበውን ትርፍ ጨርሶ ይበላዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት የመኪና መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ የቆየ መሆኑን ለሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ የጊዜው ኪሣራ ከገንዘቡ ኪሣራ እንደሚብስ መንገር አያስፈልግም።

ቀድሞ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ኮምፒዩተር የሚገዛው በአብዛኛው መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ነበር። የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ደብዳቤ ከመጻፍና ሒሳብ ከመያዝ የማያልፍ ስለሆነ ከ300 እስከ 400 ዋት የሚሰጥ ተራ ፓወር ሳፕላይ ይበቃዋል። አሁን ግን የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የማስታወቂያ ሥዕል የሚሠራና የሚያትም፣ ሙዚቃ የሚቀዳ፣ ወይም ለጨዋታ ብሎ ኮምፒዩተሩን በየክፍሉ መርጦ የሚያስገጣጥም ገዢ ወደ ሱቅ ሊመጣ ይችላል። ይህ ገዢ የሚጠይቀው ባለ750፣ ባለ850 ወይም ባለ1000 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው። ባለሱቁም በዚህ ጊዜ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር አይቶ ያዝዛል። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የዕቃው ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። በአገራችን በቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሆነ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የኮምፒዩተር ክፍሎች ግን በዚህ ኃይል ሊሠሩ አይችሉም፤ የሚፈልጉት ቀጥተኛ የሆነ 12 ቮልት፣ 5 ቮልትና 3.3 ቮልት ነው። ፓወር ሳፕላዩ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደነዚህ ይለውጣል። ስለዚህ ኃይል ለዋጭ እንጂ ኃይል አመንጪ አይደለም።

ከዚህም የተነሣ በገዢዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ሥጋት ከንቱ መሆኑ ይታወቃል። ይኸውም ባለ1000 ዋት የገዛ ሰው ቆጣሪው ያለማቋረጥ 1000 ዋት ይቆጥርበታል የሚለው ነው። ፓወር ሳፕላይ የሚስበው ኮምፒዩተሩ የጠየቀውን ያህልና በመለወጥ ላይ በሙቀት የሚባክነውን ብቻ ነው። የሚባክነው መጠን ግን ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። ኮምፒዩተሩ 500 ዋት ቢፈልግ፣ ከመቶ 80 እጁን የሚያደርስ ዕቃ ከግድግዳው 625 ዋት ሲስብ፣ ከመቶ 90 እጁን የሚያደርሰው 556 ዋት ያህል ይስባል። በቀን 8 ሰዓት በዓመትም 300 ቀን ለሚሠራ ቤት ልዩነቱ 166 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «80 ፕላስ» የተባለው የምስክር ወረቀት ይህንኑ ቁጠባ በነሐስ፣ በብር፣ በወርቅ፣ በፕላቲነምና በታይታኒየም ደረጃ ይለያል። የወርቅ ደረጃ ያገኘ ዕቃ በ115 ቮልት ተፈትኖ፣ በግማሽ ጭነት ሲሠራ ከመቶ 90 እጁን እንዲያደርስ ይጠየቃል። ምልክቱን በካርቶን ላይ ማተም ቀላል ስለሆነ ግን አስመጪው የሞዴሉን ስም ድርጅቱ ለሕዝብ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይገባዋል።

በገበያ ገብስ ሲሸጥ ቁናው ተከምሮ ሲሰፈርና በእጅ ተጠርጎ ሲሰፈር ልዩ መሆኑን የማያውቅ የጋይንት ነጋዴ የለም። የዋት ነገርም እንዲሁ ነው። አንዳንድ አምራቾች በካርቶኑ ላይ የሚጽፉት ለቅጽበት ብቻ ሊሰጥ የሚችለውን፣ ማለትም የተከመረውን ቁና ነው። ለነጋዴው የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው፣ ማለትም ተጠርጎ የተሰፈረው ነው። ይህም በካርቶኑ ላይ ሳይሆን በራሱ በዕቃው ጎን በተለጠፈው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገኛል።

ሠንጠረዡን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። «+12 ቮልት» የሚለውን ዓምድ ፈልጎ ከሥሩ የተጻፈውን የአምፔር ቁጥር በ12 ማባዛት ይበቃል። የዛሬ ኮምፒዩተር ዋና ዋና በላተኞች፣ ማለት ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ፣ የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነውና። ለምሳሌ አንድ ዕቃ በካርቶኑ ላይ 750 ዋት ተብሎ ቢታተምና በሠንጠረዡ ላይ ለ12 ቮልት 62 አምፔር ቢጽፍ፣ ሲባዛ 744 ዋት ስለሚሆን የታመነ ነው። ሌላው 750 ዋት ተብሎ 30 አምፔር ብቻ ቢጽፍ ግን 360 ዋት ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ ሠንጠረዥ 12 ቮልቱን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ከፍሎ ስለሚያሳይ፣ በዚህ ጊዜ አምፔሮቹን በየፊናቸው መደመር አይገባም፤ ከሥራቸው የተጻፈውን የጋራ ዋት መመልከት ነው። ሠንጠረዥ የሌለው ዕቃ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አለመግዛት ይሻላል።

ምን ያህል ዋት እንደሚበቃ ለመወሰን ከግራፊክስ ካርዱ መጀመር ጥሩ ነው። አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ 170 ዋት የሚበላ ሲሆን አምራቹ 550 ዋት ፓወር ሳፕላይ እንዲኖረው ይመክራል። ለብዙ የቪዲዮ ቤት ይህ ወይም ይህን የመሰለ ካርድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ግን 450 ዋት፣ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት ይበላሉ፤ ለኋለኛው አምራቹ 1000 ዋት ይመክራል። በዚህ ላይ እንደ ኮር አይ9 14900ኬ ያለ ፕሮሰሰር ሲበረታ 253 ዋት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የገዢውን ካርድ ስም ሳይጠይቅ «ትልቁን ውሰድ» የሚል ሻጭ ገዢውን ያለ አግባብ ያስከፍላል፤ «ይኸው ይበቃሃል» ብሎ ትንሹን የሚሰጥ ደግሞ ነገ ተመላሽ ይቀበላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ መወሰን ያስቸግራል።

ስለ ሽቦዎቹም ሁለት ነገር መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በትልልቅ ካርዶች ላይ የመጣው ባለ16 እግር ማገናኛ እስከ 600 ዋት በአንድ ጊዜ ያሳልፋል፤ እስከ መጨረሻው ካልተገፋ ግን እየጋለ ይቀልጣል። በዚያው ዓመት የቀለጡ ማገናኛዎች በብዙ አገር ታይተው በሚከተለው ዓመት ቅርጹ ተሻሽሏል። ሁለተኛው ነገር ባለሱቁን ይበልጥ ይመለከታል። ሽቦዎቹ የሚነቀሉና የሚሰኩ በሆኑበት ፓወር ሳፕላይ፣ የአንዱ አምራች ሽቦ በሌላው ላይ ቢገባም የውስጡ አደራደር ሊለያይ ይችላል። ካርቶን ከፍቶ ሽቦ አቀያይሮ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ 5 ቮልት በሚጠበቅበት ቦታ 12 ቮልት ልኮ የደንበኛውን ሃርድ ዲስክ ከነሰነዱ ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ወደ አገሩ ኤሌክትሪክ እንመለስ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ለአገሪቱ ተጨምሯል። ነገር ግን በከተማው ዳር ባለ ሱቅ ውስጥ የሚደርሰው ቮልት የሚወሰነው በግድቡ ሳይሆን በሰፈሩ ትራንስፎርመርና ከዚያ በሚነሣው ሽቦ ርዝመት ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ወይም የብየዳ ቤት ካለ፣ የወፍጮው ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት የጎረቤቱ አምፖል እንደሚደበዝዝ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደውም ቮልት ይወርዳል። በምሽት ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ዝቅ ብሎ ይቆያል።

ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ «ግብአት» የሚለው ቁጥር ለነዚህ ወረዳዎች ከዋቱ ያላነሰ ክብደት አለው። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ዕቃ ቮልቱ ወደ 170 ቢወርድ እንኳ መሥራቱን ይቀጥላል። «ከ200 እስከ 240» ወይም «220» ብቻ የሚል ዕቃ ግን በምሽት ቢጠፋ ሊያስደንቅ አይገባም። እንደዚሁም ቮልቱ ሲወርድ የሚሳበው አምፔር ይጨምራል። ከግድግዳው 900 ዋት የሚስብ ኮምፒዩተር በ220 ቮልት ወደ 4.1 አምፔር ሲስብ በ170 ቮልት 5.3 አምፔር ይስባል። ሽቦው የቀጠነ ርካሽ ማከፋፈያ በዚህ ጭነት ይግላል፤ በላዩ ምድጃ ከተጨመረበትማ ባልቦላው ቢቃጠል በጎ ዕድል ነው፤ ሳይቃጠል ቀርቶ ቤት የሚያቃጥልበት ጊዜ አለና።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚላክ አሮጌ ዕቃና አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ በጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ በእኛ አገር ሶኬት ላይ ቢሰካ በቅጽበት ይፈነዳል። ከዱባይ የሚመጣው ደግሞ በቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ገመዱ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው የእንግሊዝ ስፒና ስለሚሆን በእኛ ክብ ሶኬት አይገባም። ገዢው በአስማሚ ሲሰካው የምድር ሽቦው ተቋርጦ ይቀራል። አስመጪው ገመዱን ብቻ ለይቶ ትክክለኛውን ስፒና ያለው ቢያስመጣ ወጪው ጥቂት ነው። በቤቱ የተቀበረ የምድር ሽቦ ከሌለ ግን ስፒናው ብቻውን ምንም አይረዳም፤ የኮምፒዩተሩን ኬዝ የሚነካ ሰው ንዝረት የሚሰማውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ሰዓት ደግሞ ከስፒናው መንቀልን የሚያህል መከላከያ የለም።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ በውስጡ ባከማቸው ኃይል ለ17 ሚሊሰኮንድ ያህል ይቆያል። ይህ ከአንድ ሰኮንድ ሃምሳኛ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ዩፒኤሱ ተቀብሎ እስኪነሣ ድረስ ይበቃል። ርካሹ ዕቃ ግን ይህን ያህል ስለማይቆይ፣ ዩፒኤስ እያለ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ ገዢውም ዩፒኤሱን ያማርራል። ዩፒኤሱንም በሚመለከት ባለሱቁ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በላዩ 650 ተብሎ የተጻፈው ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ በዋት ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ብቻ ነው። 700 ዋት የሚበላ ኮምፒዩተር በዚህ ዩፒኤስ ላይ ቢሰካ መብራት በጠፋ ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባለከፍተኛ ዋት ፓወር ሳፕላይ የሚሸጥ ሰው ዐቅሙ የሚመጥን ዩፒኤስ አብሮ ቢያቀርብ ለገዢውም ለራሱም ይጠቅማል፤ በተለይም የተስተካከለ የሞገድ ቅርጽ የሚሰጠውን። ርካሹ ዩፒኤስ የሚሰጠው ደረጃ ደረጃ የሆነ ሞገድ ለአንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሳፕላይ አይስማማውም።

እስካሁን የተባለው ለየትኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ይሠራል። ቀጥሎ ያለው ግን የጉናን ዙሪያ አገር በተለይ የሚመለከት ሆኖ ሳለ በንግድ ሲነገር ብዙ አይሰማም። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ የንፋስ መውጫ ከተማ ከ3000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር፣ የእስቴው መካነ ኢየሱስና የስማዳው ወገዳም ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን በተለምዶ የሚሠራው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ባለው አገር እንዲያገለግል ታስቦ ነው።

ይህ ልዩነት የሚያመጣው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የማቀዝቀዝ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሚሆን፣ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ፋኑ አብዝቶ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ቶሎም ያረጃል። እውነት ነው፣ የጋይንት አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ይህም ለደጋው ነጋዴ የተሰጠ ጸጋ ነው። የእህል ብናኝ በሚበዛበት ወይም በር ተዘግቶ በሚሠራበት ክፍል ግን ጸጋው ይቀራል።

ሁለተኛው የመከላከያ ክፍተት ነው፤ ይህን ቅዝቃዜ አያካክሰውም። በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ከተቀየረ በኋላ ወደ 380 ቮልት የሚደርስበት ክፍል አለ፤ ከስፒናው ተነቅሎም ለጊዜው ተከማችቶ ስለሚቆይ ሣጥኑን መክፈት የሚያውቅ ባለሙያ እንጂ የባለሱቅ ሥራ አይደለም። ይህ ኃይል ሰው ወደሚነካው ወገን እንዳይዘልል የሚያግደው በመካከል የተተወው የአየር ክፍተት ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ግን ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይዘልላል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብም በ2000 ሜትር በቂ የሆነው ክፍተት በ3000 ሜትር በ1.14፣ በ4000 ሜትር በ1.29 እንዲባዛ ያዝዛል። ቻይናም ራሷ እንደ ቲቤት ያለ ከፍተኛ አገር ስላላት፣ እስከ 5000 ሜትር ያልተፈተነ ዕቃ ከ2000 ሜትር በታች ብቻ እንዲሠራ የሚያስጠነቅቅ ምልክት እንዲለጠፍበት በደንቧ አዝዛለች።

እንግዲህ ከጓንግዦው የሚገዛ አስመጪ ይህን ምልክት የያዘ ዕቃ ለመካነ ኢየሱስም ሆነ ለንፋስ መውጫ ቢልክ፣ አምራቹ አስቀድሞ «ለዚህ አገር አልሠራሁትም» ብሎ የጻፈበትን ዕቃ ልኳል ማለት ነው። ዕቃው ያለ ችግር ለዓመታት ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ የአምራቹ ዋስትና ግን ሊከለከል ይችላል። እስከ 5000 ሜትር የተፈተነ ዕቃ በዚያው ገበያ ይገኛል። የሚያስፈልገው በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ አዲስ አበባም ራስዋ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ትእዛዙ ለጋይንት ተብሎ ብቻ የሚጨመር ልዩ ነገር አይደለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ርካሽና አሮጌ ዕቃ የመፈለግ ፈተና በርትቷል። በዚሁ ላይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኢትዮጵያ ቢትኮይን የሚያመነጩ መሣሪያዎች በብዛት ገብተዋል፤ የእነዚህ ፓወር ሳፕላይ ከ3000 ዋት በላይ የሚሰጥ ነው። «3000 ዋት በርካሽ» ተብሎ ከነዚህ አንዱ ቢቀርብ ባለሱቁ ሊቀበል አይገባም። የሚሰጡት 12 ቮልትን ወይም ለዚያ የቀረበን ኃይል ብቻ ስለሆነ፣ 5 ቮልትና 3.3 ቮልት ለሚፈልግ ዴስክቶፕ አያገለግሉም፤ ማገናኛቸውም ሌላ ነው።

የክብደት ነገርም ሲነሣ ይሰማል። ጥሩ ባለ1000 ዋት ፓወር ሳፕላይ በውስጡ ያለው ማቀዝቀዣ ብረትና መጠምጠሚያ ብዙ ስለሆነ በሚዛን ሲቀመጥ ሁለት ኪሎ ገደማ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ግማሹን እንኳ የማይመዝን ዕቃ ያጠራጥራል። ይህ ግን መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ አታላይ ክብደት ሊጨምርበት ይችላልና።

በመርካቶው አከፋፋይና በወረዳው ባለሱቅ መካከል በሚጻፈው ደረሰኝ ላይ የሞዴሉ ሙሉ ስም፣ የ12 ቮልቱ አምፔር፣ የግብአቱ ቮልት፣ የተፈቀደው ከፍታና የዋስትናው ዘመን ቢጻፍ፣ ተመላሽ በሚሆንበትም ጊዜ የመጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ቢለይ ብዙ ክርክር ይቀራል። ከወረታ እስከ ወልዲያ በሚሄደው ዋና መንገድ ላይ ላለው የንፋስ መውጫ ባለሱቅ አንድ ዕቃ መመለስ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ መንገድ ርቀው ለሚገኙት ለወገዳና ለመካነ ኢየሱስ ባለሱቆች ግን ሌላ ወጪ ስለሚጨምር፣ ዋጋ ሲደራደሩ ይህን አስቀድመው ቢያስቡ መልካም ነው። ኮምፒዩተሩም ተገጣጥሞ ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት በሱቁ ውስጥ ከባድ ሥራ እየሠራ፣ ቮልቱ ዝቅ በሚልበት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ በርቶ ቢቆይ፣ የሚጠፋ ከሆነ እዚያው ይጠፋል።